ፐርሲመንን ለዘብ ባለ የባሕር ዳርቻ ጓሮ ማልማት

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ መመሪያ

1. መግቢያ

ፐርሲመን ለብዙ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬና አትክልተኛ አዲስ ፍሬ ነው። ሲያዩት ጠንካራ ቲማቲም ይመስላል፤ ቀለሙ ብርቱካናማ ሲሆን በአናቱ ላይ አራት ቅጠል መሰል ክፍሎች ያሉት ቆብ አለው። ዛፉ ከቻይና የመጣ ሲሆን በቻይና፣ በኮሪያና በጃፓን ከጥንት ጀምሮ ሲለማ የቆየ ነው። ዘመዱ ዞጲ ነው፤ ከዚሁ ወገን የሆኑ የዱር ዛፎች በኢትዮጵያ ደኖችም ይገኛሉ።

ይህ ጽሑፍ ምሳሌውን የሚወስደው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ፣ በተለይም ከእስራኤል የሻሮን ሜዳ ነው። ሻሮን ከቴል አቪቭ በስተሰሜን በባሕሩ ዳር የተዘረጋ ለም ሜዳ ነው። ፍሬው በአገሩ ቋንቋ «አፈርሰሞን» ይባላል። በጥንት ዘመን ይህ ስም የሚሰጠው ለበለሳን ነበር፤ የዛሬው ፍሬ ግን ከበለሳን ጋር ዝምድና የለውም። በውጭ ገበያ ደግሞ ፍሬው በሜዳው ስም «የሻሮን ፍሬ» ተብሎ ይታወቃል። በናታንያ፣ በሐዴራና በሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም ዛፉን በየጓሮው ያገኙታል።

ጓሮ አትክልተኞች ለልማት ሠራተኛ ደጋግመው የሚያቀርቡት አንድ አቤቱታ አለ። «ዛፉን ተክለን አራት ዓመት ጠበቅን። አፈራ። ቀለሙ አምሮ ቀጥፈን ብንቀምሰው አፋችንን አስሮ ያዘው። እንቁረጠው ወይ?» የሚል ነው። አይቆረጥም። አብዛኛውን ጊዜ ዛፉ ጉድለት የለበትም፤ ያልታወቀው የፍሬው ዓይነት ነው። በአንድ ቤት ጓሮ ይህ ስሕተት አንድ ዛፍ ያስቆርጣል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ላይ ሲደርስ ግን የአንድ መንደር የብዙ ዓመት ድካም በአንድ የገበያ ቀን ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። አፉን የታሰረ ገዢ ዳግመኛ አይገዛምና።

ስለሆነም የዚህ መመሪያ ዋና ቁም ነገር በሁለት ቃል ይጠቃለላል፦ ከመትከል በፊት ዝርያውን ማወቅ፤ ከመሸጥ በፊት ፍሬውን መፈተሽ። የቀረው የአስተዳደግ ሥራ ከሌሎች የፍራፍሬ ዛፎች ብዙም የሚከብድ አይደለም።

2. አፍ የሚያስረው ጣዕም ከምን ይመጣል?

ያልበሰለ ሙዝ የቀመሰ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ምላስ ይደርቃል፣ ድድ ይሰበሰባል፣ ምራቅ ይጠፋል። ይህን የሚያደርገው ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በፐርሲመን ውስጥ ያለው ታኒን በውኃ የሚሟሟ በሚሆንበት ጊዜ ከምራቅ ጋር ተጣብቆ አፍን ያስራል። ታኒኑ እርስ በርሱ ተያይዞ የማይሟሟ ሲሆን ግን በፍሬው ውስጥ ቢኖርም ምላስ አያገኘውም፤ ያን ጊዜ ጣፋጭነቱ ብቻ ይሰማል።

በዚህ መሠረት ዝርያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ።

ሀ) አፍ የማያስሩ ዝርያዎች። በዛፉ ላይ ሳሉ፣ ገና ጠንካራ እንደሆኑ፣ ጣዕማቸው ይስተካከላል። እንደ ፖም ተገምጠው ይበላሉ። የታወቁት ፉዩ እና ጂሮ ናቸው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ቅርጽ አላቸው። ጂሮ በብዙ ቦታ በፉዩ ስም ስለሚሸጥ ችግኝ ሲገዛ መጠየቅ ያሻል።

ለ) አፍ የሚያስሩ ዝርያዎች። ጠንካራ እንደሆኑ ሊበሉ አይችሉም። ወይ እንደ ማርማላታ እስኪለሰልሱ መጠበቅ፣ ወይም በልዩ አያያዝ ታኒኑ እንዳይሟሟ ማድረግ ያስፈልጋል። ሃቺያ የተባለው ጫፉ ሾጠጥ ያለ ትልቅ ፍሬ ከዚህ ወገን ነው። በእስራኤል በስፋት የሚለማው ትራያምፍ እና በስፔን በቫሌንሲያ አካባቢ በስፋት የሚለማው ሮሆ ብሪያንቴም እንዲሁ አፍ የሚያስሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በገበያ ላይ «የሻሮን ፍሬ» ተብሎ ጠንካራ ሆኖ የሚሸጠውና አፍ የማያስረው ትራያምፍ በተፈጥሮው አፍ የሚያስር ነው። ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በማሸጊያ ጣቢያ የተገራ በመሆኑ ነው ጣፋጭ የሚሆነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከገበያ ቀምሶ ይወድና ያንኑ ዝርያ ጓሮው ይተክላል፤ ከራሱ ዛፍ የቀጠፈው ግን አፉን ያስረዋል። ከላይ የጠቀስነው አቤቱታ በአብዛኛው ከዚህ ይነሳል።

ስለ ዘር የሚነሳም ጥያቄ አለ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ሴቴ አበባ ብቻ የሚያወጡ ሲሆኑ ያለ ወንዴ ዱቄት ፍሬ ይይዛሉ፤ ፍሬውም ዘር አልባ ይሆናል። ወንዴ አበባ ያለው ዛፍ በአቅራቢያ ካለ ፍሬው ዘር ይይዛል። ትራያምፍን በመሰሉት ዝርያዎች ላይ በዘሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ ይጠቁራል። ይህ ብልሽት ወይም በሽታ አይደለም።

ምክራችን እንዲህ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ አፍ የማያስር ዝርያ ይመረጣል፤ ከዛፉ ተቀጥፎ ይበላልና። አፍ የሚያስር ዝርያ ለማኅበር የሚመከረው ማኅበሩ ፍሬውን የሚገራበት ቦታ ካለው ወይም ከማሸጊያ ጣቢያ ጋር አስቀድሞ ከተዋዋለ ብቻ ነው።

3. የአየር ጠባይና አፈር

ፐርሲመን በክረምት ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ነው። በሚያንቀላፋበት ጊዜ ጥቂት ብርድ ይፈልጋል፤ ይኸውም ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ከ100 እስከ 200 ሰዓት ያህል ቢያገኝ ይበቃዋል። ፖምና ቼሪ ብዙ ብርድ ሲፈልጉ ይህ ዛፍ በጥቂቱ መርካቱ ለባሕር ዳርቻ ተስማሚ አድርጎታል። በጋው ረዥምና ፀሐያማ ሲሆን ፍሬው በደንብ ይጣፍጣል።

የሻሮን ሜዳ ዝናብ በዓመት ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ይዘንባል። በጋው ጨርሶ ደረቅ ነው። ስለዚህ ዛፉ ቅጠል አውጥቶ በሚሠራበት ወቅት ሁሉ የሚኖረው በመስኖ ነው።

አፈርን በሚመለከት ዛፉ ብዙ አይመርጥም። ውኃ የማይቋጥር፣ ጥልቀት ያለው፣ የአሲድነቱ መጠን (ፒኤች) ከ6 እስከ 7.5 የሆነ አፈር ይስማማዋል። በሻሮን «ሐምራ» የሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር መልካም ነው። ውኃ የሚተኛበት ጥቁር ጭቃ ግን ሥሩን ያሳፍናል፤ እንዲህ ባለው ቦታ በከፍታ መደብ ላይ መትከል ይገባል።

ባሕር ዳር ሁለት ነገሮች መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ነፋስ ነው። የፐርሲመን ቅርንጫፍ ፍሬ ሲከብደው በቀላሉ ይሰበራል፤ ፍሬውም ከቅርንጫፍ ጋር ሲፋተግ ቆዳው ይጠቁራል። ስለዚህ ከቤት ግድግዳ ወይም ከነፋስ መከላከያ አጥር ከለላ ባለበት በኩል መትከል ይመረጣል። ሁለተኛው ጨው ነው። ከባሕር የሚነፍሰው ጨዋማ አየርም ሆነ ጨው ያለበት የመስኖ ውኃ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል። ቅጠሉ ከጠርዙ እየቡናማ ወደ ውስጥ ሲደርቅ ከታየ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ከመርጨት በፊት ውኃውን ማስመርመር ይገባል።

4. ችግኝ መምረጥ

ከዘር የበቀለ ችግኝ እናቱን አይመስልም፤ ፍሬ እስኪሰጥም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። የሚተከለው የተዳቀለ ችግኝ ብቻ ነው። ሲገዛ ሁለት ስም መጠየቅ ያስፈልጋል፦ የላይኛው ዝርያ ስምና የሥር ተክሉ ስም።

የሥር ተክል ሦስት ዓይነት አለ።

— ካኪ። ከፍሬው ዛፍ ዘር የሚበቅል ነው። ከሁሉም ዝርያ ጋር ይስማማል። ዋና ሥሩ ረዥም፣ ጥቃቅን ሥሮቹ ግን ጥቂት ስለሆኑ ሲዛወር ጥንቃቄ ይፈልጋል።

— ሎተስ። ብርቱና ድርቅ የሚችል ነው። ከፉዩ ጋር ግን በደንብ አይገጥምም። ጨውንም አይችልም።

— ቨርጂኒያና። ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ነው። እርጥበትንም ድርቅንም ይችላል፤ ጨውንም ከሎተስ ይሻላል። ጉድለቱ ከሥሩ ብዙ ቡቃያ ማውጣቱና ዛፎቹ እኩል አለማደጋቸው ነው።

ስሙን ሊናገር የማይችል ሻጭ ካጋጠመ ችግኙን አለመግዛት ይሻላል። የአንድ ችግኝ ዋጋ ትንሽ ነው፤ በእሱ ላይ የሚጠፋው አራትና አምስት ዓመት ግን አይመለስም። ማኅበራት ችግኝ ሲገዙ የዝርያው ስም በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ከተተከለም በኋላ የእያንዳንዱ ረድፍ ዝርያ በመዝገብ ይያዝ።

ሌላም ማሳሰቢያ አለን። የፐርሲመን ሥር በተፈጥሮው ጥቁር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ችግኙን ሲፈታ «ሥሩ በስብሷል» ብሎ ይጥለዋል። ጤንነቱን ለማወቅ ሥሩን በጥፍር ፈቅ ማድረግ ይበቃል፤ ከጥቁሩ ልጣጭ በታች እርጥብና ነጣ ያለ ከሆነ ደኅና ነው።

5. አተካከል

በባሕር ዳርቻው አካባቢ አፈር ያልያዘ ሥር ያለው ችግኝ የሚተከለው ቅጠሉን ካራገፈ በኋላ ቡቃያው ከመንቃቱ በፊት፣ በጥርና በየካቲት ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ያደገ ችግኝ ከዚያ በኋላም ሊተከል ይችላል፤ በበጋው ሙቀት ግን ባይሆን ይመረጣል።

ሀ) በጓሮ በዛፍና በዛፍ መካከል ከ5 እስከ 6 ሜትር ይተዋል። ከግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

ለ) ጉድጓዱ ከሥሩ እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከሥሩ ቁመት አይብለጥ።

ሐ) ሥሩ ሳይታጠፍ ይዘርጋ። የተሰበረው ጫፍ በንጹሕ መቀስ ይቆረጥ።

መ) የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከተቀበረ ከበላዩ ሥር ሊያወጣ ወይም ሊበሰብስ ይችላል።

ሠ) የወጣው አፈር ራሱ ተመልሶ ይሞላ። ፍግም ሆነ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በጉድጓዱ ውስጥ አይጨመር፤ ሥሩን ያቃጥላል። ብስባሽ ካለ ከላይ ይነስነስ።

ረ) ከተከላ በኋላ ወዲያው በደንብ ይጠጣ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ በዙሪያው ጉዝጓዝ ይነጠፍ።

ሰ) ችግኙ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይቆረጥ፤ ዋና ቅርንጫፎቹ ከዚያ ይወጣሉ።

ፐርሲመን በመጀመሪያው ዓመት ዘግይቶ ይነቃል። ሌሎች ዛፎች ቅጠል ሲያወጡ እሱ ደረቅ በትር መስሎ ሊቆይ ይችላል። ተስፋ ቆርጦ መንቀል አይገባም።

6. ውኃና ማዳበሪያ

በጋው ደረቅ በመሆኑ ውኃው በመጠኑና በየጊዜው መሰጠት አለበት። አንድ ሳምንት አጥለቅልቆ ሁለት ሳምንት ማድረቅ ፍሬ ያራግፋል። የጠብታ መስኖ ካለ እሱ ይመረጣል። በአሸዋማ አፈር ላይ ለተተከለ ወጣት ዛፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ማጠጣት ይበቃል፤ አፈሩ ከበድ ያለ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ። ዋናው መለኪያ ግን እጅ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ አፈሩ ሲጨበጥ የሚያያዝ ከሆነ ውኃ አያስፈልግም፤ የሚበተን ከሆነ ይጠጣ።

ማዳበሪያን በሚመለከት ከማነስ ይልቅ መብዛቱ ይጎዳል። ናይትሮጅን የበዛበት ዛፍ ቅጠልና ቅርንጫፍ እያወጣ ፍሬውን ይጥላል። በተተከለበት ዓመት ማዳበሪያ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ የልማት ሠራተኛው የዓመቱን እድገት ይለካ። የአዲሱ ቅርንጫፍ ርዝመት ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነና ቅጠሉ ከፈዘዘ በየካቲት መጨረሻ ጥቂት የተመጣጠነ ማዳበሪያ ወይም የበሰለ ፍግ ይሰጥ። ቅርንጫፉ ከዚያ በላይ ከረዘመና ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ምንም አይሰጥ። አጠገቡ ሣር ላይ የሚበተነው ማዳበሪያም ወደ ዛፉ ሥር እንደሚደርስ አይዘንጋ።

7. ግርዘት

ፐርሲመን የሚያብበው በዚያው ዓመት በወጣው አዲስ ቡቃያ ላይ ነው። አበባ የሚይዘውም ቡቃያ የሚወጣው በአብዛኛው ካለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ጫፍና ከጫፉ በታች ካሉት ጥቂት ዓይኖች ነው። ስለዚህ ዛፉን እንደ አጥር ዙሪያውን የከረከመ ሰው የዓመቱን ፍሬ አብሮ ቆርጦ ይጥላል። «ዛፌ ጤነኛ ነው፤ ግን አያፈራም» የሚል ሰው ሲያጋጥም መጀመሪያ መታየት ያለበት መቀሱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ዛፉ ቅርጽ ይይዛል። በግንዱ ዙሪያ የተሰራጩ፣ ከግንዱ ጋር ሰፊ ማዕዘን የሚሠሩ ከ3 እስከ 5 ዋና ቅርንጫፎች ተመርጠው ሌሎቹ ይወገዳሉ። ጠባብ ማዕዘን ያለው ቅርንጫፍ ፍሬ ሲሸከም ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በእንቅልፍ ወቅት የደረቀው፣ የተሻገረውና ወደ ውስጥ የበቀለው ከመሠረቱ ይወጣል፤ ፀሐይ እስከ መሐል ይግባ። ከሥር ተክሉ የሚወጣው ቡቃያ እንደታየ ይነቀል። ዛፉ ከ3 እስከ 4 ሜትር ባለ ከፍታ ቢወሰን ለለቀማና ለመረብ ያመቻል።

8. የፍሬ መርገፍ

የተዳቀለ ዛፍ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል። በባሕር ዳርቻው በሚያዝያና በግንቦት ያብባል። ከአበባ በኋላ ከፍሬው ከፊሉ መርገፉ የተለመደ ነው፤ በወጣት ዛፍ ላይም ይበዛል። ዛፉ የማይችለውን እየቀነሰ ነው።

መርገፉ ከልክ ሲያልፍ ምክንያቱ ከሚከተሉት አንዱ ይሆናል፦ ናይትሮጅን መብዛት፣ የውኃ መቆራረጥ፣ ጥላ፣ ወይም ዛፉ ባለፈው ዓመት ከአቅሙ በላይ ማፍራቱ። ይህ ዛፍ አንድ ዓመት አብዝቶ አፍርቶ በሚቀጥለው የማረፍ ጠባይ አለው። ስለሆነም ተፈጥሯዊው መርገፍ ሲያበቃ የተጨናነቀውን አሳስቶ በአንድ ቡቃያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ብቻ መተው ይመከራል። የቀረው ይወፍራል፤ ቅርንጫፉ አይሰበርም፤ የመጪው ዓመት ፍሬም አይጓደልም።

9. ተባይና በሽታ

በጓሮ ውስጥ ፐርሲመን ብዙ መድኃኒት የማይፈልግ ዛፍ ነው። ሆኖም የሚከተሉትን መከታተል ያስፈልጋል።

የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ። ቀለም በያዘው ፍሬ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሉ ውስጡን ይበላል። ዋናው መከላከያ ጽዳት ነው። የወደቀው ፍሬ በየቀኑ ተለቅሞ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ይወገድ። አንድ ጎረቤት ብቻውን ቢያጸዳ አይጠቅምም፤ ዝንቧ አጥር አትጠይቅምና። ሥራው የሠፈር ወይም የማኅበር መሆን አለበት።

የዱቄት ትኋን። ነጭ ዱቄት የለበሰች ትንሽ ነፍሳት ናት። ከፍሬው ቆብ ሥር ትሸሸጋለች። ጉንዳን የምትረጨውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ይጠብቃታል። በግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ከታየ ቆቡን ገልጦ ማየት ይገባል። ጉንዳኑን ከግንዱ መከልከል ጠላቶቿ የሆኑት ነፍሳት እንዲያጠፏት ይረዳል።

ወፎችና የፍራፍሬ ሌሊት ወፎች። ፍሬው ሲለሰልስ ይበሉታል። መረብ ከተደረገ እንስሳው እንዳይጠላለፍበት ጠበቅ ብሎ ይወጠር፤ ዓይኑም ጠባብ ይሁን።

የቅጠል ክብ ነጠብጣብ። በሻጋታ የሚመጣ በሽታ ነው። እ.አ.አ. በ2008 ዓ.ም. በስፔን ቫሌንሲያ ታይቶ በእርሻዎች ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ቅጠል ያለ ጊዜው ይረግፋል፤ ፍሬም ይከተለዋል። ችግኝ ወይም ለማዳቀያ የሚሆን ቅርንጫፍ ከአገር ወደ አገር ያለ ኳራንቲን ፈቃድ መወሰድ የሌለበት እንዲህ ባለው ምክንያት ነው።

10. ለቀማ

በሻሮን ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይውላል። ፍሬው አረንጓዴነቱን ጨርሶ ለቆ ሙሉ ብርቱካናማ ሲሆን ይለቀማል። መጎተት አይገባም፤ በመቀስ ከአጭር እግሩ ጋር ይቆረጣል፤ ቆቡም አይነካም። ቆቡ የተቀደደ ፍሬ ቶሎ ይበላሻል። ጠንካራ ቢመስልም በቀላሉ ይቀጠቀጣል፤ በሳጥን ውስጥ ከሁለት ንብር በላይ አይደራረብ።

ስለ ማስቀመጫ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። ፉዩን የመሰለ አፍ የማያስር ፍሬ በቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ በ5 ዲግሪ አካባቢ ሲቆይ ሥጋው እንደ ጄሊ ይሆንና ይበላሻል። ወይ በቤት ሙቀት ተቀምጦ ቶሎ ይበላ፣ ወይ ደግሞ ወደ 0 ዲግሪ በቀረበ የማኅበር ቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጥ። መካከለኛው ቅዝቃዜ ነው የሚጎዳው።

11. አፍ የሚያስረውን ፍሬ መግራት

በቤት ውስጥ የሚሠሩ ቀላል መንገዶች አሉ።

ሀ) ማለስለስ። ፍሬው ከበሰለ ፖም ወይም ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። እነዚህ ፍራፍሬዎች የሚያወጡት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያለሰልሰዋል። ሲነኩት እንደ ውኃ የያዘ ፊኛ ሲሆን በማንኪያ ይበላል።

ለ) አረቄ። የእያንዳንዱ ፍሬ ቆብ ከመቶ 35 ያህል አልኮል ባለው አረቄ ይረጥብ። ፍሬው በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በሞቀ ክፍል ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆይ። ጥንካሬውን ሳያጣ ጣዕሙ ይስተካከላል።

ሐ) ሞቅ ያለ ውኃ። በ40 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ። ሙቀቱ እንዳይወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከበዛም ፍሬው ይቀቀላል።

መ) ማድረቅ። ጠንካራው ፍሬ ተልጦ በገመድ ታስሮ ነፋስ በሚያገኝበት ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ይሰቀል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደ ተምር ይጣፍጣል።

ለገበያ የሚሆነው መንገድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መግራት ነው። ፍሬው አየር በማያስገባ ክፍል ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ ያህል፣ ከመቶ 90 በላይ ጋዙ ባለበት አየር ለ24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ኦክሲጅን ያጣው ፍሬ በውስጡ አሴታልዴሃይድ የሚባል ንጥረ ነገር ያበጃል፤ ይህም ታኒኑን አያይዞ የማይሟሟ ያደርገዋል። ፍሬው ግን ጠንካራ እንደሆነ ይቀራል። ጊዜው ካጠረ ጣዕሙ አይስተካከልም፤ ከረዘመም ሥጋው ይጠቁራል።

ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ወደ ክፍሉ ሳይናፈስ የገባ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። ጓደኛውን ለማውጣት ተከትሎ የገባውም እንዲሁ። ስለዚህ ማኅበራት ይህን ሥራ መለኪያ መሣሪያ፣ ማናፈሻና የሠለጠነ ሠራተኛ በሌለበት በራሳቸው መጋዘን እንዳይሞክሩት አጥብቀን እናሳስባለን። የማሸጊያ ጣቢያ ከሌለ አፍ የማያስር ዝርያ ይተከል።

12. ከመሸጥ በፊት መፈተሽ

ከእያንዳንዱ ጭነት፣ ከላይ ካለው ሳጥንም ከታች ካለውም፣ የተወሰኑ ፍሬዎች ይመረጡ። ከእያንዳንዱ ቀጭን ቁራጭ ተቆርጦ ይታኘክ፤ ወዲያው አይፈረድ። አፍ ማሰሩ ዘግይቶ ስለሚሰማ ጥቂት መቆየት ያሻል። በሁለት ቅምሻ መካከል አፍ በውኃ ይጉመጥመጥ።

የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ማኅበር ከመቶ 5 የሆነ የፌሪክ ክሎራይድ ውሕድ የተነከረ ማጣሪያ ወረቀት አድርቆ ይጠቀም። ፍሬው ለሁለት ተከፍሎ የተቆረጠው ፊት በወረቀቱ ላይ ይታተም። ወረቀቱ ከጠቆረ የሚሟሟ ታኒን አለ ማለት ነው፤ ከነጣ ፍሬው ተገርቷል። የታተመው ፍሬ አይበላም። ወረቀቱ ቀን ተጽፎበት በመዝገብ ቢቀመጥ ከገዢ ጋር ክርክር ሲነሳ ይረዳል።

የጤና ነገርም አለ። አፍ የሚያስር ፐርሲመን በብዛት ሲበላ ታኒኑ በጨጓራ ውስጥ ተጓጉሎ ጠንካራ እብጠት ሊሠራ ይችላል። በተለይም ጨጓራቸውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ይህን ፍሬ ከመብላታቸው በፊት ሐኪማቸውን መጠየቅ አለባቸው።

13. በኢትዮጵያ ለመሞከር ለሚያስቡ

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ በአገር ቤት ያሉ የልማት ሠራተኞች «በእኛስ ወይና ደጋ አይበቅልም ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ብርድ የሚፈልግ ዛፍ በደጋ ሊለማ እንደሚችል የጨንቻ ፖም አሳይቷል፤ ፐርሲመን ደግሞ ከብዙ የፖም ዓይነቶች ያነሰ ብርድ ይበቃዋል። ሆኖም የባሕር ዳርቻው የወር አቆጣጠር እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በዚያ ዝናቡ የሚመጣው ዛፉ ሲያንቀላፋ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ግን ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ወሩን ሳይሆን ዛፉን መከተል ያስፈልጋል፦ ቅጠል ሲራገፍ፣ ቡቃያ ሲነቃ፣ ፍሬ ሲቀላ። ችግኝም በኳራንቲን በኩል በሕጋዊ መንገድ ብቻ ይግባ። መጀመሪያ ጥቂት ዛፍ፣ አፍ ከማያስር ዝርያ፣ ውኃ በማይተኛበት መሬት ይሞከር እንጂ ማኅበራት ሰፊ ማሳ እንዲያስይዙበት አንመክርም።

14. ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ከአንድ ጓሮ ወይም ማኅበር ሲደርስ የሚከተሉትን ይጠይቅ።

— የዝርያውና የሥር ተክሉ ስም ይታወቃል ወይ? በጽሑፍስ አለ?

— ፍሬው አፍ የሚያስር ከሆነ ማን ይገራዋል? የት?

— ውኃው ጨዋማ ነው ወይ? አፈሩ ውኃ ያስተኛል?

— ያለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ጫፍ ተቆርጧል ወይ?

— ማዳበሪያ የተሰጠው እድገቱ ተለክቶ ነው ወይስ በልማድ?

— የወደቀ ፍሬ በየቀኑ ይለቀማል?

— ከገበያ በፊት የሚቀምስና የሚፈርም ሰው ተመድቧል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ሌሎቹን ቀስ በቀስ ያስተካክላቸዋል። የመጀመሪያውን ሳይመልስ የተከለ ግን ዛፉን አሳምሮ አሳድጎ በመጨረሻው ቀን ያዝናል። ፐርሲመን በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርተ ዓመታት ያፈራል፤ ተካዩ ያልበላውን ልጆቹ ይበሉታል። ስለዚህ በችግኝ ጣቢያ በር ላይ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ከዓመታት ልፋት እንደሚበልጥ ለአባላቶቻችሁ ደጋግማችሁ አስረዱ።